ሰማዩን ያሰፋልን ሰው

ነይ አክስቴ ዩስቲና፣ ነይ እዚህ ጎኔ ተቀመጪ። በሩ ሥር አትሁኚ፣ ብርድ ይመታሻል። ነጭ ሸሚዝ ግን ምን ነካሽ? የቼሪ ዘር ልታወጪ መጥተሽ ነጭ? ቆይ፣ ይህን ሽርጥ እሰሪ። የዚህ ፍሬ ጭማቂ አንዴ ከነካ አይለቅም፤ ሳሙና ቢሉት፣ ኮምጣጤ ቢሉት፣ ጸሎት ቢሉት ወይ ፍንክች! እንኪ ባልዲሽን። ዘር ማውጫው ማሽን ከዚያ ጫፍ ለተቀመጡት ሰው ተሰጥቷል፤ እሳቸው ማሽን ይወዳሉ። እኔና አንቺ እንደ ድሯችን በፀጉር ማስያዣ ሽቦ። አየሽ፣ እጅሽ አልረሳም! ከእማማ ጋር ልጅ ሆናችሁ ስትሽቀዳደሙ ሁልጊዜ ትቀድሚያት ነበር አሉ፤ እሷ ግን እስካሁን አታምንም።

መንገዱስ እንዴት ነበር? ከማኒቶባ እስከዚህ ድረስ፣ በዚህ ዕድሜሽ፣ ብቻሽን እየነዳሽ... እኔማ ለባሌ ለኮርኒ፣ «አክስቴ ቀረች፣ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆማ ይሆናል» ስለው ነበር። ምን አልሽ? ቤቱን አልፈሽው ሄድሽ? አንቺ? እዚህ ግቢ ተወልደሽ፣ እዚህ ግቢ አድገሽ? እስከ ይሳቅ ፍሪዘን ከብቶች ድረስ? ሃሃ! አይዞሽ፣ አትፈሪ፣ እርጅና አይደለም። ፖስተኛውም አልፎናል። ቼሪ ሊለቅሙ ከከተማ የሚመጡት ሰዎችማ ሽው ብለው አልፈው፣ ከሚቀጥለው መንደር ደውለው፣ «ግቢያችሁ ወዴት ሄደ?» ይሉናል። ምን እንመልስላቸው? ግቢው አለ።

ምን ነበር ስትፈልጊ የነበረው? አሃ... ካራጋናውን። ከሩቅ እንደ አረንጓዴ ግድግዳ ተሰልፎ የሚታየውን፣ የንፋስ መከታችንን። እሱን አይተሽ ነበር የምትታጠፊው። ልክ ነሽ። ታችኛው ግማሹ አለ እኮ፣ አላየሽውም? ላይኛው ግማሽ ነው እንግዲህ... እንዴት ልበልሽ... ሰማይ የሆነው። አዎ፣ እንዲህ ማለት ይሻላል። አንድ ሰው ሰማዩን አሰፋልን።

ማን? ኧረ እኔ ስም አልጠራም! ሰው በሌለበት... በሌለበት ልበል?... ስም ማንሳት ሐሜት ነው። ሐሜት ኃጢአት ነው፤ ነገ ደግሞ እሁድ ነው፣ በምን ዓይኔ ቤተክርስቲያን እገባለሁ? ብቻ እማማ የወለደችው ሁለት ነው። አንዷ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ዛፍ አልነቀልኩም። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ? የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።

ከወዲያ ጫፍ፣ ባልዲው ሞላ እንዴ? አይ፣ የማሽኑ ድምፅ ሲቆም ጊዜ ነው የጠየቅኩት። ይቀጥሉ፣ ይቀጥሉ። እኛ የሴት ወሬ ላይ ነን።

እውነቱን እንናገር ካልን አክስቴ፣ ስንት ነገር ተረፈን መሰለሽ። ድሮ ከወጥ ቤቱ መስኮት የምናየው ምን ነበር? ቅጠል። ወፍ። በጸደይ ቢጫ አበባ። ቅጠል ምን ይሠራል? አሁን እስከ ከተማው የእህል ጎተራ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ አቧራውን ከሩቅ አይተን ሻይ እንጥዳለን፤ እንግዳው አልፎን እስኪመለስ ሻዩ ይፈላል። ልብስ ማድረቅማ ተረስቷል! ድሮ ያጠብነው እስኪደርቅ ግማሽ ቀን እንጠብቅ ነበር። አሁን ገመዱ ላይ ሳይሰቀል ይደርቃል። የኮርኒ የክት ሸሚዝ ደርቆ ብቻውን እስከ ፍሪዘኖች ደርሶ መጥቷል፤ ከእኛ ይልቅ እሱ ነው ጎረቤት የሚጠይቀው።

ደግሞ ለክፋት ነው እንዳትዪ። እሳቸው ክፋት አያውቁም። ቤተክርስቲያን ውስጥ ሲጸልዩ ብታዪአቸው አንጀትሽን ይበሉታል፤ ድምፃቸው ሲለሰልስ፣ «ጌታ ሆይ፣ የሰጠኸንን እንድንጠብቅ እርዳን» ሲሉ። አጠገባቸው ያለው ሰው ሁሉ ያለቅሳል። እኔም አለቅሳለሁ፤ ምክንያታችን ይለያይ እንደሆነ እንጂ።

ነገሩ የመጣው ከማሽኑ ነው። ለሳስካቱን ቤሪው፣ ለዚያ ለእሳቸው የቁጥቋጦ ፍሬ፣ መልቀሚያ ማሽን ተገዛ። ቤት ያክላል። ታዲያ ረድፉ ጫፍ ሲደርስ መዞሪያ አጣ፤ በእሳቸው ቤሪና በእኛ ቼሪ መካከል ካራጋናው ቆሟል። እንግዲህ ምን ይደረግ? ኮርኒ፣ «ትንሽ ወደኋላ ብትመልሰው እኮ ይዞራል» ብሎ ነበር። ወደኋላ መመለስ ግን ለሁሉ ሰው አይሆንም፣ አንገት ያማል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ... ቀሪውን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ ስለ በሬ ነው የማወራው።

ሳይነግሩን ነው እንዳልልሽ ደግሞ ነግረውናል። ዛፉ ከወደቀ በኋላ፣ በትህትና፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነገሩን። አምና ነው፣ የመጨረሻው ቤሪ ተለቅሞ እንዳበቃ። እኔና ኮርኒ ከገበያ ስንመለስ እኛም እንዳንቺ ቤታችንን አልፈን ሄድን።

ቆይ፣ የፕላስቲኩን አጥር ነግሬሻለሁ? አልነገርኩሽም! በረዶው ሲቃረብ ፀፀት ያዛቸው... ፀፀት አልልም፣ ሐሳብ በይው። ዛፉ በቆመበት ላይ ብርቱካንማ የፕላስቲክ መረብ ገተሩልን። ካራጋና ለማደግ ዕድሜ ይፈጃል፤ ፕላስቲክ ግን ከከተማ ተጠቅልሎ ይመጣል። ታዲያ ከዚህ በላይ ዕውቀት አለ? አወቅህ አወቅህ ቢሉት የእናቱን ዛፍ... አይ፣ ተረቱ እንዲህ አልነበረም፤ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ነው። ተምታታብኝ። ብቻ የመጀመሪያው ብርቱ ንፋስ አጥሩን ከነችካሉ ነቅሎት ሄደ። ጠዋት ይሳቅ ፍሪዘን ደወለ፤ «ላሜ ሙሽራ ሆና አድራለች፤ ዓይነ ርግቡ የእናንተ ከሆነ ኑና ግለጡላት» አለን። እህ፣ ሳቂ! ሳቂ እንጂ፣ እኛም ስቀናል። ያን ቀን ስቀናል።

ከዚያ በረዶው መጣ። ድሮ ካራጋናው ሥር ይከመርና ቼሪዎቻችንን አልብሶ ያከርማቸው ነበር። ዘንድሮ በረዶውም ማረፊያ አጣ፤ ቁጭ በል የሚለው ሲያጣ አልፎን ሄደ። ንፋሱ ብቻ ቀረልን። ጸደይ ሲገባ ወደ ላይኛው በኩል ወጣሁ። እነዚያን ቼሪዎች እኔና ኮርኒ እንደተጋባን ነው የተከልናቸው፣ ታውቂያቸዋለሽ፤ አንቺም ከእነሱ ማርማላታ ወስደሻል። ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት፤ ከሥሩ አረንጓዴ ይሆናል ብዬ። ቡናማ ነው። ሌላውን ፋቅሁ። ቡናማ። ረድፉን እስከ ጫፍ ሄድኩበት። እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ አልዋሽሽም። እሳቸው ታዲያ ከሩቅ አይተውኝ መጡ፤ ጥለውኝ አልሄዱም። ምን አሉኝ መሰለሽ? «ቼሪ ስስ ነገር ነው። ሳስካቱን ብትተክሉ ይሻላችሁ ነበር።» አየሽ ምክር? ሰው ሲያለቅስ ቆሞ ምክር የሚሰጥ ወንድም... ሰው ማለቴ ነው... ስንቱ አለው?

ይሄ አሁን የምንፈለፍለው ሁሉ ከታችኛው ግማሽ ጀርባ የተለቀመ ነው። መከታው ስላለ እሱ ተረፈ። ከላይኛው ያገኘነው ማገዶ ነው። ጥሩ ማገዶ ነው፣ አላማርርም፤ ቼሪ ሲነድ ሽታው ደስ ይላል።

ደግሞ የራሳቸውን ጥቅም አስበው እንዳይመስልሽ። ኧረ በፍጹም! ሳስካቱናቸው አበባ ሲያወጣ ያው ንፋስ አበባውን ሙልጭ አድርጎ አራገፈው። ንቦቹ ከቀፎው ደጃፍ ብቅ ይሉና መልሰው ይገባሉ፤ ንብ እንኳ የሚያስኬድና የማያስኬድ ቀን ታውቃለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እሳቸው ግን እንደሷ ሞኝ አይደሉም፣ የራሳቸውን ብቻ አልጣሉም፤ የእኛንም አብረው ጣሉልን። ያ ቤት የሚያክለው ማሽን ዘንድሮ ምን ለቀመ መሰለሽ? ቅጠል። እንዴት አድርጎ ግን ይዞራል! ሲዞር ብታዪው፣ እንደ ልቡ።

እማማ? ደህና ናት። ተኝታ ነው፣ ስትነሳ ትገቢላታለሽ። ዓይኗ ግን... ያኔ ስትመጪ ጥላ ታይ ነበር፤ አሁን ጥላውም ጠፍቷል። ጆሮዋ ግን እንዳለ ነው። ድመቷ በየት በኩል እንዳለፈች ትነግርሻለች።

እህ... አላወቀችም። ማን ይነግራታል? አንድ እናቱን የሚወድ ሰው፣ «እማማ እንዳትሰማ፣ ልቧ አይችልም» ብሎ ሁላችንንም አስጠንቅቆናል። እንዴት ያለ ርኅራኄ ነው! ዛፉ ሲነቀል ልቧ ይችላል፤ መስማት ነው የማይችለው።

በረዶው ሲጀምር ከአልጋዋ ሆና፣ «ልጆች፣ ንፋሱ ዘንድሮ ምን ሆኖ ነው እቤት ድረስ የሚገባው?» አለች። «መስኮቱ ነው እማማ፣ አርጅቷል» ተባለች። መስኮቱ ተለጠፈ። «አሁንም ይጮሃል» አለች። እንደገና ተለጠፈ። አሁን ብትገቢ መስኮቱን አታገኚውም፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ ነው። ጠዋት ፀሐይዋ ጉንጯ ላይ ስታርፍ መንጋቱን በዚያ ነበር የምታውቀው። አሁን «ነግቷል?» ብላ ትጠይቃለች። ይነገራታል። መልስ የሚሰጣት አላጣችም።

ከዚያ ደግሞ ሐምሌ ገባ። ሙቀቱ ሲበረታ ካራጋናው እንዴት እንደሚሆን ታስታውሺያለሽ፤ የዘሩ ቅርፊት ደርቆ ጧ! ጧ! እያለ ሲፈነዳ፣ ዘሩ በረንዳው ላይ ሲረጭ። እማማ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ እሱን ሳትሰማ ሐምሌን አትቆጥረውም። «ወንበሬን አውጡልኝ» አለች። በረንዳው ላይ ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን እንዲህ ዘንበል አድርጋ። በማግስቱም ተቀመጠች። ታችኛው ግማሽ ሩቅ ነው፣ እስከዚያ ድረስ አይሰማም። በስተመጨረሻ፣ «አጋታ፣ ካራጋናው ዘንድሮ አይፈነዳም?» አለችኝ።

እኔ ሻሿን ማስተካከል ያዝኩ አክስቴ። እሳቸው ግን አጠገቤ ነበሩ፤ እግዜር አንደበት ሰጥቷቸዋል። ትከሻዋን ዳበስ አድርገው፣ «ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ ነው እማማ፣ ቅርፊቱ ረጥቧል፣ ይዘገያል» አሏት። እንዴት ያለ ለስላሳ መልስ! በዚያ ሐምሌ እኮ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ አንድ ጠብታ አልወረደም። እህትሽ ምን አለች? «እሺ ልጄ፣ እጠብቃለሁ።» ይኸው ነሐሴ ተጋመሰ፤ እየጠበቀች ነው።

አንቺም እኮ ያን ዛፍ አጠጥተሻል። እማማ ትነግረን የለ? በዚያ ድርቅ አያቴ ሰኞ ሰኞ ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ሳትደፋ በባልዲ ለሁለታችሁ ትሰጣችሁ ነበር አሉ፤ «ለእያንዳንዷ ችግኝ አንድ ጭልፋ፣ ከዚያ በላይ ያፈሰሰች እራት የላትም» ብላ። ጎረቤት ሲስቅባችሁ፤ «ለላም የጠፋ ውሃ ለእንጨት!» እያለ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ሞኟ እኔ ነኝ፣ ግድ የለም። ደጃፉ ግን የእማማ ነበር።

ኮርኒማ፣ «ዝም በይ አጋታ፣ ዝም አይነቅዝም» ይለኛል። ዝም አልኩ። እኔ አልነቀዝኩም፣ እውነቱን ነው፤ ቼሪዎቼ ናቸው የደረቁት።

ሰኞ ደግሞ ትልቅ ሥራ አለ፣ አልሰማሽም? ታችኛው ግማሽ አጠገብ የቆመውን ትራክተር ስትገቢ አይተሽዋል። ሰንሰለቱ ዛሬ ጠዋት ቅባት ተቀባ። በሥራቸው ጠንቃቃ ናቸው፣ በደረቅ ሰንሰለት ዛፍ አይነቅሉም። ማሽኑ በላይ በኩል እየዞረ በታች በኩል ካልዞረ ቅር ይለዋል አሉ። እንግዲህ በሚመጣው ዓመት ዘር ለማውጣት ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ አትለፊ፤ ቼሪ አይኖርም። እጃችን ያርፋል። እኔና ኮርኒ ሌላ ሥራ አናውቅም፣ ሌላ መሬትም የለንም፤ ግን የሚያስብልን ሰው እያለ እኛ ምን አስጨነቀን?

ነገ ደግሞ ፋስፓ አለ፣ የእሁድ ከሰዓት መክሰሳችን። ዳቦው ተጋግሯል፣ አይቡም አለ፣ በዚህ ቼሪ ደግሞ ዛሬ ማታ ኬክ እሠራለሁ። እማማ መምጣትሽን ከሰማች ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ነው። «ከቤተክርስቲያን መልስ ከዩስቲና ጋር ካራጋናው ሥር፣ አግዳሚዬ ላይ ነው የምንቀመጠው። እጄን ይዛችሁ ውሰዱኝ፤ ግንዱን ልዳብሰው» ትላለች። አግዳሚው የነበረው የት ነው? ላይኛው ግማሽ ሥር። አሁን ማሽኑ የሚዞርበት።

እኔ እጇን ይዤ አልወስዳትም። አልችልም። አንቺ ትወስጃታለሽ? አየሽ፣ አንቺም ባልዲሽን ማየት ጀመርሽ። ታዲያ ማን ይምራት? የምታምነው ሰው አለ እኮ፣ «ይዘገያል» ያላት ሰው። አግዳሚውን ወደ ታችኛው ግማሽ ይውሰድና፣ «ይኸው እማማ፣ ዛፍሽ» ይበላታ። ትዳብሰዋለች። ደስ ይላታል። ውሸትም አይደለም፣ እሱም በእጇ ያጠጣችው ካራጋና ነው። እስከ ሰኞ።

የሚቀጥለው እሁድ ደግሜ ልንካው ብትልስ? እሱን እኔ አላውቅም። ያኔም ዝናብ በዝቶ ይሆናል።

አንቺ ስትገቢ ብትጠይቅሽ እኔ ንገሪያት አልልሽም። አትንገሪያትም አልልሽም። ግቢው እስከ ዛሬ በእሷ ቃል ነው የሚያድረው፤ እሷ «አይሆንም» ካለች ያ ትራክተር ንቅንቅ አይልም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። ለዚህም ይሆናል እንዳትሰማ የተፈለገው... ኧረ እኔ ምን አውቄ! ለልቧ ነው። ለልቧ ነው ተብሏል።

ውይ፣ ማሽኑ ጸጥ አለ። አይ፣ ባልዲው ገና ነው። ያችን አንዷን ቼሪ ከያዟት ቆዩ፤ ዘሯን ማውጣት አሳዝኗቸው ይሆናል፣ አንጀታቸው ስስ ነው። ሊነሱ ነው? ባርኔጣው ሚስማሩ ላይ አለ። ተያቸው አክስቴ፣ አትጥሪያቸው። ምን አጠፋሁ? የማንን ስም ጠራሁ? ስለ በሬ፣ ስለ ላም፣ ስለ ዝናብ ነው ያወራነው። በሩን መዝጋት አያስፈልግም፣ ንፋሱን ለምደነዋል።

ግን ሰው ሳይመረቅ ከደጅ አይወጣም፤ ታላቅ ደግሞ እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆም ብለው ይስሙኝ እንጂ፣ ለማን እንደሆነ እንኳ አልተናገርኩም። እግዜር ዕድሜ ይስጣቸው፣ እማማን የሚያስከነዳ ረጅም ዕድሜ። ዓይናቸው ሲደክም፣ አጠገባቸው የሚቀመጥ ልጅ አያሳጣቸው። ልጆቻቸው አባታቸውን ይምሰሉ፣ ቁርጥ አባታቸውን። የጠየቁትን ሁሉ፣ እሳቸው ለእናታቸው እንደሚመልሱላት፣ ትከሻቸውን ዳበስ እያደረጉ፣ በዚያው በለሰለሰ አንደበት ይመልሱላቸው። እሳቸውም ሳይጠራጠሩ «እሺ ልጄ» ብለው ይደሩ። አሜን በይ እንጂ አክስቴ... አሜን።